ምጣዱ ሲሰካ አምፖሉ ለምን ይደበዝዛል? ስለ ትይዩ ዑደት



በሶር ወንዝ ላይ የተሠራው የኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1990 ሥራ ሲጀምር አቅሙ 5 ሜጋዋት ነበር። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ስለሚወስድ፣ ማመንጫው በሙሉ አቅሙ ቢሠራ በአንድ ጊዜ የሚያግለው ምጣድ 1,400 ገደማ ነው። የዛሬው ጉዳዬ ግን ማመንጫው ሳይሆን፣ በመቱም ሆነ በጎሬ በአንድ ግቢ ውስጥ የሚሆነው ነው።

የቤት መሥመር የሚዘረጋው በትይዩ ነው። በተከታታይ ቢሆን ኖሮ ሳሎኑን ስናጠፋ ጓዳውም ይጨልም፣ 220 ቮልቱም በዕቃዎቹ መካከል ይከፋፈል ነበር። በትይዩ ዑደት እያንዳንዱ ዕቃ ከሁለቱ ሽቦዎች ጋር በራሱ መንገድ ስለሚገናኝ ሁሉም እኩል ቮልቴጅ ያገኛል፤ ከረንቱ ግን ይደመራል። መንገድ በተጨመረ ቁጥር ጠቅላላው ሬዚስታንስ ይቀንሳል። ብዙዎች እዚህ ላይ ይደናገራሉ። ለቡና መጋዘን ሁለተኛ በር ቢከፈትለት፣ በሩ የቱንም ያህል ቢጠብ፣ የሚወጣው ጆንያ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ከዓመታት በፊት አንዲት ተማሪ የጠየቀችኝ ከዚህ ይከብዳል። «መምህር፣ ሁሉም እኩል ቮልቴጅ ካገኘ፣ አከራያችን ምጣድ ሲሰኩ የእኔ አምፖል ለምን ይደበዝዛል?» በሰሌዳ የምንስለው ሽቦ ሬዚስታንስ የሌለው ስለሆነ መልሱ ከሥዕሉ አይገኝም።

ከምሰሶው እስከ ግቢው ያለው ሽቦ፣ መሄጃውና መመለሻው ተደምሮ፣ 1 ኦም ነው እንበል። ይህ ሽቦ ለሁሉም የጋራ በመሆኑ ከትይዩዎቹ ቅርንጫፎች ጋር በተከታታይ የተያያዘ ነው። ባለ 13.75 ኦም ምጣድ ሲሰካ 14.9 አምፔር ያልፋል፤ 15 ቮልት ያህል በሽቦው ላይ ይቀርና ለግቢው 205 ይደርሳል። ጎረቤት ሁለተኛ ምጣድ ስትሰካ ከረንቱ 27.9 አምፔር ይሆናል፤ ቮልቴጁ ወደ 192 ይወርዳል።

ድብዘዛው ቀላሉ ነው። በሽቦው ላይ የሚባክነው ሙቀት የሚያድገው በከረንቱ ካሬ ስለሆነ ከ222 ዋት ወደ 780 ይዘላል፤ ከረንቱ እጥፍ እንኳ ሳይሞላ ሙቀቱ ከሦስት እጥፍ አለፈ ማለት ነው። ይህ ሙቀት በረጅም ሽቦ ላይ ሲበተን ላይታይ ይችላል። በቀጭን ዲቫይደር ወይም በላላ ሶኬት ላይ ሲጠራቀም ግን ቤት ያቃጥላል። ፊውዝ በጋራው መሥመር ላይ የሚገባው ድምሩ የሚያልፈው በዚያ ስለሆነ ነው። በተቃጠለው ፊውዝ ምትክ የመዳብ ሽቦ የሚጠቀልል ሰው ይህን ጠባቂ አሰናበተ። (እኔም በወጣትነቴ አድርጌዋለሁ።) ብዙዎቹ የዛሬ ኤልኢዲ አምፖሎች ደግሞ ቮልቴጅ ሲወርድ ስለማይደበዝዙ፣ የቀደመውን ምልክት ነሥተውናል።

ለተማሪዋ ሦስት መንገድ ነገርኳት፦ ሽቦውን ማወፈር፤ ለምጣዶቹ ከቆጣሪው ጀምሮ ለብቻ መሥመር መዘርጋት፣ ይህም ቢሆን ከምሰሶ እስከ ቆጣሪ ያለውን አያቀልም፤ ወይም በተራ መጋገር። በሳምንቱ መጥታ ማክሰኞ የአከራይዋ፣ ዓርብ የጎረቤቷ ቀን መሆኑን ነገረችኝ።