እንግጫ ነቀላና የመንግሥት ዕውቅና

ጳጉሜን ሊያልቅ ሲል በምሥራቅ ጎጃም ልጃገረዶች ሜዳ ወርደው እንግጫ የተባለውን ሣር ይነቅላሉ። እየዘፈኑ ከአደይ አበባ ጋር ይጎነጉኑታል፤ በእንቁጣጣሽ ማለዳም ለቤተሰቡ የዘመን መለወጫ መልካም ምኞት ያደርሱበታል። ወንዶቹ በበኩላቸው ከሴ የተባለውን ተክል ያጭዳሉ። ሁለቱም የኖሩት በየሰፈሩ ልጆች እጅ ነው፤ አዛዥም አዘጋጅም አልነበራቸውም። በቅርብ ዓመታት ግን የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች በዓሉን ወደ አደባባይ ማውጣት ጀምረዋል። ከዚህ ጋር አንድ የቆየ ጥያቄ አብሮ ይነሣል፦ መንግሥት ለባህላዊ የዘመን መለወጫ ዕውቅና ሲሰጥ ሕዝቡ ምን ያገኛል?

ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው የዕረፍት ቀንን ነው። ይህን የሚወስነው ሕግ ነው፤ የሕጉ ዝርዝርም አንዳንዴ የሚሰፋው በግፊት ነው። በንጉሡ ዘመን በአገር ደረጃ ሥራ የሚዘጋባቸው ሃይማኖታዊ በዓላት የክርስቲያኑ ብቻ ነበሩ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሰልፍ የወጡ ሙስሊሞች ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ የእነሱም በዓላት ዕውቅና እንዲያገኙ ነበር። ኢድ አል ፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ብሔራዊ በዓል የሆኑት ከአብዮቱ በኋላ ነው፤ የበዓላት አዋጅ ቁጥር 16/1967ም የዚያው ዘመን ሕግ ነው።

ያ ለውጥ ሌላም ነገር አሳይቷል። ኢድ ጨረቃ ታይታ፣ ፋሲካ በባሕረ ሐሳብ ተቆጥሮ የሚውሉ በዓላት ናቸው፤ ቀናቸው በየዓመቱ ቢለዋወጥም ሕጉ ይዟቸዋል። ስለዚህ አያንቶ የሚባሉ አዋቂዎች ከዋክብትን አይተው ቀኑን የሚወስኑለት የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ «ቀኑ አይታወቅም» ተብሎ ሊታለፍ አይችልም። ያም ሆኖ የፌዴራል የዕረፍት ቀን አልሆነም። ሰሜን አፍሪካ ውስጥ የአማዚግ ሕዝብ ዘመን መለወጫ ያገኘው ግን እንዲህ ዓይነቱን ዕውቅና ነው፤ ከረጅም ዘመን ጥያቄ በኋላ በአልጄሪያ ከ2018፣ በሞሮኮ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ሥራ ተዘግቶ ይከበራል።

ሁለተኛው መንገድ የቅርስ ምዝገባ ነው። ዩኔስኮ መስቀልን በ2006፣ ፊቼ ጨምበላላን በ2008፣ ጥምቀትን በ2012 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሯል። ለዚህ የባለቤቱ ማኅበረሰብ ፈቃድና ተሳትፎ ያስፈልጋል፤ ቅርሱም አስቀድሞ በአገር ውስጥ ተመዝግቦ መገኘት አለበት። ምዝገባው ስምና የመጠበቅ ግዴታ ያመጣል እንጂ ሥራ አያዘጋም።

እንግጫ ነቀላ ከሁለቱ መንገዶች የትኛውን ይፈልጋል? የዕረፍት ቀን ጥያቄው ገና ድሮ ተመልሶለታል፤ መስከረም 1 በመላ አገሪቱ ሥራ ዝግ ነው። ዓለም አቀፍ መዝገብም ቢሆን የመጨረሻው ደረጃ ነው። ቀዳሚው ሥራ ጨዋታውን በየወረዳው ማጥናት ነው፦ ግጥሙ፣ ዜማውና አጎነጓጎኑ ከቦታ ቦታ ምን ያህል እንደሚለያይ፣ የሚያውቁት እናቶች በሕይወት ሳሉ መመዝገብ።

እዚያው ጎጃም ውስጥ ጥሩ አርአያ አለ። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረሶቻቸውን ሸልመው የሚወጡት አገዎች ብሔራዊ የዕረፍት ቀን አልታወጀላቸውም። ክብረ በዓሉን ከትውልድ ወደ ትውልድ ያሻገረው በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ነው። ባለሥልጣን ቢቀየርም በዓሉን የሚጠራው ባለቤቱ ራሱ ነው። የእንግጫ ባለቤቶች ግን ልጃገረዶች ናቸው፤ ሲዳሩ ወይም ለትምህርት ሲሄዱ ከጨዋታው ይወጣሉ፤ ተተኪዎቻቸው ከሥር ካልመጡ ዜማው ይቋረጣል።

ጨዋታው ወደ መድረክ ሲወጣም የሚያገኘውና የሚያጣው አለ። ዝናው ይሰፋል፣ እንግዳ ይመጣል፤ በአንጻሩ በየሰፈሩ በራሳቸው ጊዜ ይጫወቱ የነበሩ ልጆች፣ ተመርጠውና ሠልጥነው አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው የሚጨፍሩ ጥቂቶችን ቆመው የሚመለከቱ ሊሆኑ ይችላሉ። በዚያ ላይ እንግጫ የሚነቀለው ሜዳ ላይ ነው፤ በደጋው ጎጃም ደግሞ የጋራ ሜዳ እየታረሰ ከዓመት ዓመት እየጠበበ ሄዷል። የዞኑና የወረዳው ዕውቅና ፍሬ የሚኖረው እንግጫው የሚበቅልበት ሜዳ ከእርሻ ሲጠበቅ፣ ጨዋታውም በየትምህርት ቤቱ ለታናናሾቹ ሲደርስ ነው። ለዚህ የፌዴራል አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሥራው በቀበሌና በወረዳ ደረጃ ሊጀመር ይችላል።