የአሶሳ ነጋዴ የከፈለው ግብር ወዴት ይሄዳል?

ሐምሌ በገባ ቁጥር የአሶሳ ነጋዴ የሒሳብ መዝገቡን ይዞ ወደ ገቢዎች መሥሪያ ቤት ይሄዳል። ከፍሎ ደረሰኙን ተቀብሎ ሲመለስ፥ «ይህ ገንዘብ በሱቄ ደጃፍ ያለውን መንገድ ለማስጠገን ተመልሶ ይመጣልን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን እንደ ንግዱ ዓይነት ይለያያል።

በነሐሴ ወር 1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ግብርን በሦስት መድቦታል። ከውጭ አገር በሚገባ ሸቀጥ ላይ የሚከፈለው ቀረጥ በአንቀጽ 96 መሠረት የፌዴራሉ መንግሥት ገቢ ነው። በግል ስሙ ፈቃድ አውጥቶ የሚነግድ ሰው የትርፍ ግብርና ከሻጮቹ ደመወዝ ቀንሶ በየወሩ የሚያስገባው ገንዘብ ግን በአንቀጽ 97 መሠረት የክልሉ ነው። ይኸው ሰው ከወንድሞቹ ጋር ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቢያቋቁም ደግሞ የማኅበሩ የትርፍ ግብር በአንቀጽ 98 የጋራ ገቢ ይሆናል፤ ክፍፍሉንም የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ከሱቁ አንዲት ዕቃ ቦታዋን ሳትለቅ ግብሩ ግምጃ ቤት ለወጠ ማለት ነው።

የላኪዎች ነገር ከዚህም ይጠብቃል። ሰሊጡና አኩሪ አተሩ ከአሶሳና ከመተከል ማሳ ይሰበሰባል፤ ገበሬውም የመሬት መጠቀሚያውንና የእርሻ ግብሩን ለክልሉ ይከፍላል። ሰብሉን ገዝቶ ወደ ውጭ የሚልከው ነጋዴ ፈቃዱን ያወጣው አዲስ አበባ ከሆነ ግን የትርፍ ግብሩን የሚከፍለው በዚያው ነው። ሕግ ጣሰ አይባልም፤ ነገር ግን ምርቱ የበቀለበት ወረዳ ከዚያ ትርፍ ላይ ድርሻዬ ይህ ነው ብሎ የሚጠራው መቶኛ የለውም።

ዋናው ችግር ያለው ግን ገንዘቡ ክልሉ ዘንድ ከደረሰ በኋላ ነው። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የበጀቱን ትልቁን ክፍል የሚያገኘው ከፌዴራሉ ድጎማ ሲሆን፥ ከራሱ ገቢ ጋር ደምሮ ለወረዳዎችና ለከተሞች በቀመር ያከፋፍላል። በአገራችን ክልሎች በተለመደው አሠራር፥ ወረዳው ራሱ ይሰበስባል ተብሎ የታቀደው ገቢ ከሚላክለት ድጎማ ላይ ተቀናሽ ይሆናል። ለምሳሌ ያህል፥ በቀመሩ 10 ሚሊዮን ብር የተመደበለት ወረዳ 2 ሚሊዮን ይሰበስባል ተብሎ ቢታቀድ 8 ሚሊዮን ይላክለታል። በሚቀጥለው ዓመት ተግቶ እቅዱ ወደ 3 ሚሊዮን ከፍ ቢል የሚላክለት 7 ሚሊዮን ይሆናል። ትጋቱ ለወረዳው ሰነፍ ጎረቤት እንጂ ለራሱ አልጠቀመውም። ከተማው ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው የሚለው እንደ ገበያ ቦታ ኪራይ፥ እንደ ቄራና እንደ መሬት ሊዝ ያለውን የማዘጋጃ ቤት ገቢ ብቻ ነው።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። በሼክ ሆጀሌ አል ሐሰን ዘመን የአሶሳ ግብር በወርቅ ወደ ማዕከል ይጋዝ ነበር። በ1940 ዓ.ም. የታወጀው የትምህርት ግብር በተከፈለበት ጠቅላይ ግዛት ላሉ ትምህርት ቤቶች እንዲውል ታስቦ ነበር። አውራጃዎች የራሳቸው አስተዳደርና ገቢ እንዲኖራቸው በ1958 ዓ.ም. የወጣው ትእዛዝ ቁጥር 43 ግን ፓርላማው ሳያጸድቀው ቀረ።

በጀርመን አገር ከሠራተኛና ከግለሰብ የገቢ ግብር 15 በመቶው ለማዘጋጃ ቤቶች እንዲሰጥ በሕግ ተወስኗል፤ የእያንዳንዱም ከተማ ድርሻ የሚሰላው ነዋሪዎቹ በከፈሉት ግብር ነው። ስለዚህ ከንቲባው ንግድ ሲስፋፋ ምን እንደሚያገኝ አስቀድሞ ያውቃል። የእኛም ክልል ከግለሰብ ነጋዴዎች የትርፍ ግብር የተወሰነ መቶኛ በተሰበሰበበት ከተማ ወይም ወረዳ እንዲቀር፥ ከድጎማውም እንዳይቀነስ በአዋጅ ቢወስን የሚያስቸግር አይመስልም። በእርግጥ ሁሉ በተሰበሰበበት ይቅር ቢባል ሱቅ እምብዛም የሌለባቸው የካማሺ ወረዳዎችና የማኦ ኮሞ ልዩ ወረዳ ይጎዳሉ። ስለሆነም የሚቀረው መቶኛ አነስተኛ ሆኖ የቀረው በቀመሩ መከፋፈሉ ይሻላል።

እስከዚያው ድረስ የአሶሳ ነጋዴዎች በየዓመቱ ከከተማቸው ስንት እንደ ተሰበሰበና ስንት እንደ ተመለሰ በቁጥር ተጽፎ በማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጠፍ ሊጠይቁ ይችላሉ። አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር፥ ጥያቄው ከሰኔ ወር አስቀድሞ መቅረብ ይገባዋል።