ሳትታይ የቀረችው መኪና እና የሠራተኞቿ ዕጣ

«ያ ኩባንያ ባለጸጋ ነውና በእርሱ ዘንድ የተቀጠረ ሰው ኑሮው የተደላደለ ነው» ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ነገር ግን የድርጅት ጽናትና የሠራተኛ ጽናት አንድ አለመሆናቸውን የሚያስረዳ ነገር በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ ሆኗልና ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ ልናወሳው ወደድን። ዓመቶቹን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አይፎን የተባለውን ስልክ የሚሠራው አፕል በ2014 ዓ.ም. ገደማ በኤሌክትሪክ የምትንቀሳቀስና ኋላም ያለ ነጂ የምትሄድ መኪና ለማውጣት ተነሣ። ሥራው በብርቱ ምስጢር የተያዘ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ከካሊፎርኒያ መንግሥት የመሞከሪያ ፈቃድ ተቀብሎ፣ መሣሪያውን በሌላ ፋብሪካ መኪናዎች ላይ እየገጠመ በመንገድ ይፈትን ጀመር፤ የራሱን መኪና ግን ለሕዝብ አላሳየም። ዕቅዱ ደጋግሞ ተለወጠ፤ አለቆቹም ተፈራረቁ፤ በ2019 ዓ.ም. 190 ሠራተኞች ተሰናበቱ። ጋዜጦች እንደ ጻፉት ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከወጣበት በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2024 ዓ.ም. ሥራው እንዲቆም ተወሰነ።

በዚያን ጊዜ በዚሁ ሥራ ላይ 2,000 ያህል ሰዎች ነበሩ። ከፊሎቹ ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ክፍል ተዛወሩ። በማርች መጨረሻ ግን 614 ሰዎች እንደሚሰናበቱ ለካሊፎርኒያ መንግሥት ተገለጸ። ከእነዚህም ቢያንስ 87ቱ አዲስ ዓይነት ስክሪን ሲያበጁ የነበሩ ሲሆኑ፣ የቀሩት ከመኪናው ጋር በተያያዙ ሕንፃዎች ይሠሩ እንደ ነበር ተጽፏል። የሥራቸው ፍጻሜ ሜይ 27 ቀን ሆነ።

ይህ የሁለት ወር ጊዜ የቸርነት ስጦታ አልነበረም። በ1988 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ ሕግ 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት ድርጅት ብዙ ሰው ባንድነት ሲያሰናብት በመሠረቱ 60 ቀን አስቀድሞ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ኩባንያው ኪሳራውን ከትርፉ ይሸፍናል፤ የቤት ኪራዩና የሕክምና ዋስትናው በአንድ ደመወዝ ላይ የተመሠረተ ቤተ ሰብ ግን በእነዚያ ቀኖች ውስጥ ሌላ መተዳደሪያ መፈለግ አለበት። ይልቁንም ኤች ዋን ቢ በተባለው የሥራ ፈቃድ ከውጭ አገር የገባ ሰው ጭንቀቱ እጥፍ ነው፤ ሥራው ካበቃ በኋላ ቢበዛ በ60 ቀን ውስጥ ሌላ ቀጣሪ ካላገኘ ወይም ፈቃዱን ካልለወጠ፣ ከነቤተ ሰቡ አገሩን ለቆ መውጣት ይገባዋል።

ሌላም ችግር አለ። ድልድይ የሠራ ግንበኛ ድልድዩን ያሳያል። የእነዚህ ሰዎች የዓመታት ድካም ግን ምስጢር ስለ ሆነ ለአዲስ ቀጣሪ ገልጠው ሊያሳዩት አይችሉም፤ የሚቀርላቸው በእጃቸውና በአእምሯቸው ያለው ሙያ ብቻ ነው።

እንግዲህ ልጆቻችንን ስናስተምር ከኩባንያ ስም ይልቅ ከቦታ ወደ ቦታ አብሮ የሚሄድ ሙያ እንዲይዙ እንምከራቸው። ገበሬ ጎተራውን የሚመለከተው ክረምቱ ሲከብድ ሳይሆን እህሉ ገና ሲገባ ነው፤ እኛም ቤታችን ያለ ደመወዝ ስንት ወር ሊቆይ እንደሚችል ደመወዙ ሳይቋረጥ እንቍጠር።