የቡና ጆንያ የለመደ ተሳቢ ሞተር ሳይክል ሲጭን

በከፋ ዞን ሞተር ሳይክል የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ከቦንጋ ከተማ ወደ ዴቻ፣ ወደ ጨና ወይም ወደ ጌሻ ወረዳ ቀበሌዎች የሚዘልቁት ብዙዎቹ መንገዶች ጠባብና ዳገታማ ናቸው። በመሆኑም የጤና ባለሙያውም፣ የግብርና ሠራተኛውም፣ ነጋዴውም ሩቅ ቀበሌ የሚደርሰው በሁለት ጎማ ነው። ነገር ግን ሌላውን የሚጭነው ሞተር ሳይክል እርሱም የሚጫንበት ጊዜ አለ። አዲስ ተገዝቶ ሲመጣ፣ ተበላሽቶ ለጥገና ወደ ከተማ ሲወሰድ፣ ወይም የክረምቱ ጭቃ አላሳልፍ ሲል በሌላ ተሽከርካሪ ላይ ይወጣል። ለዚህ አገልግሎት ተብሎ የተሠራ ተሳቢ ማግኘት ግን ቀላል አይደለም። በእጅ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ጆንያ ለማመላለስ የተሠራው ነው።

እንዲህ ያለው ችግር በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። በካናዳና በሌሎች በረዷማ አገሮች የሚኖሩ ሰዎች ስኖውሞቢል የሚባለውን በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ሞተር የሚጭኑበት ዝርግ ተሳቢ አላቸው። በረዶው ቀልጦ በጋ ሲገባ ያንኑ ተሳቢ ባለ አራት ጎማ ሞተር ለመጫን ይፈልጉታል። እዚያም የሚነሣው ጥያቄ «ክብደቱን ይችለዋል ወይ?» የሚል ነው። ሆኖም ስኖውሞቢል ክብደቱን በሰፊ የላስቲክ ሰንሰለትና በሁለት መንሸራተቻዎች ላይ ዘርግቶ ሲያሳርፍ፣ ባለ አራት ጎማው ሞተር በአራት ውስን ቦታዎች ላይ ያሳርፋል። ስለዚህ ክብደትን ብቻ መጠየቅ በቂ አይሆንም።

ለመሆኑ በእኛ ተሳቢ ላይ የሚለወጠው ነገር ምንድን ነው? እያንዳንዳቸው 60 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ 6 ጆንያ ቡናዎች በጠቅላላው 360 ኪሎ ግራም ይሆናሉ። እያንዳንዳቸው 120 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝኑ 3 አነስተኛ ሞተር ሳይክሎችም እንዲሁ 360 ኪሎ ግራም ናቸው። ሁለቱ ጭነቶች በሚዛን ላይ እኩል ቢሆኑም ለተሳቢው ግን እኩል አይደሉም። ልዩነታቸውን ለማሳየት በፒክአፕ የሚጎተት ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ እንውሰድ። ከጋንቾው እስከ ጎማዎቹ ዘንግ ያለው ርቀት 2.5 ሜትር፣ የጋንቾው ከፍታ 50 ሳንቲ ሜትር፣ የወለሉ ከፍታ 70 ሳንቲ ሜትር፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት ደግሞ 1.5 ሜትር ነው እንበል። ስሌቱ እንዳይወሳሰብ የተሳቢውን የራሱን ክብደት ለጊዜው እንተወዋለን።

ወለሉን የሚጎዳው ግፊት ነው

ግፊት ማለት ክብደት ለሚያርፍበት ስፋት ሲካፈል የሚገኘው መጠን ነው። 80 ሳንቲ ሜትር በ50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይዞ የተጋደመ የ60 ኪሎ ግራም ጆንያ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ የሚያሳርፈው ክብደት 15 ግራም ብቻ ነው። የሞተር ሳይክል ጎማ ወለሉን የሚጫንበት ግፊት ግን በጎማው ውስጥ ካለው የአየር ግፊት ጋር ተቀራራቢ ነው። ይህም በካሬ ሳንቲ ሜትር ከ2 ኪሎ ግራም በላይ ስለሆነ ከጆንያው ግፊት 150 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ሞተሩ በጎን ማቆሚያው ቢቆም ደግሞ ግፊቱ ከዚህም በላይ ይሆናል፤ የማቆሚያው ጫፍ የጣት ያህል ስፋት ብቻ ነውና።

ለዓመታት ጆንያ ሲሸከም የኖረ የጣውላ ወለል በሞተር ሳይክል ጎማ ሥር የሚሰበረው በዚህ ምክንያት ነው። እንደ ከፋ ባለ ዝናብ በሚበዛበት አገር እንጨት እርጥበት ስለሚጠጣ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ጆንያ ይህን ድካም ይሸፍነዋል፣ ጎማ ግን ይገልጠዋል። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ጎማዎቹ በሚያርፉበት መስመር ላይ ከተሳቢው የብረት አግዳሚዎች ቢያንስ ሁለቱን የሚረግጥ ወፍራም ጣውላ ማንጠፍና የማቆሚያውን እግር ከፍ አድርጎ ማጠፍ ይበቃል።

የስበት ማዕከል ከፍ ሲል

የአንድ ጭነት ክብደት በሙሉ በአንድ ነጥብ ላይ የተሰበሰበ ያህል ሊታሰብ ይችላል። ይህ ነጥብ የስበት ማዕከል ይባላል። ጆንያዎቹ በሁለት ድርብ ቢደረደሩ የስበት ማዕከላቸው ከወለሉ 25 ሳንቲ ሜትር፣ ከመሬት ደግሞ 95 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። የቆሙት ሞተር ሳይክሎች የስበት ማዕከል ግን ከወለሉ 55 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ከመሬት 1.25 ሜትር ላይ ይሆናል።

የ30 ሳንቲ ሜትር ልዩነት እንደ ቀላል ሊታይ አይገባም። ግማሽ ክቡ 20 ሜትር በሆነ መታጠፊያ ላይ ስሌቱን ብንሠራ፣ ጆንያ የጫነው ተሳቢ የመገልበጫ ፍጥነት በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ሞተር ሳይክል የጫነው በ39 ኪሎ ሜትር ላይ ከዚያ ደረጃ ይደርሳል። ይህ እንግዲህ መንገዱ ደልዳላ፣ ጭነቱም ፈጽሞ የማይነቃነቅ ሲሆን ነው። መንገዱ ወደ ገደሉ ያዘነበለ ከሆነ፣ ባሌስትራው ከተለጠጠ ወይም አንደኛው ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ አደጋው ከዚህ በዝቅተኛ ፍጥነት ይደርሳል። ጆንያ ሲጭን የለመደውን ፍጥነት ሳይቀንስ የሚታጠፍ አሽከርካሪ መጠባበቂያው እንደ ጠበበበት የሚያውቀው የውስጠኛው ጎማ ከመሬት ሲነሣ ነው።

ከዘንጉ ፊት ወይስ ከኋላ?

ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ የልጆችን ሽቅብና ቁልቁል መጫወቻ ይመስላል። መደገፊያው የጎማዎቹ ዘንግ ነው። ጭነቱ ከዘንጉ ፊት ሲያደላ ጋንቾውን ወደ ታች ይጫናል፤ ወደ ኋላ ሲያደላ ደግሞ ወደ ላይ ያነሣዋል።

የ360 ኪሎ ግራሙ የስበት ማዕከል ከዘንጉ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ቢቀመጥ፣ 360 በ0.3 ተባዝቶ ለ2.5 ሲካፈል 43 ኪሎ ግራም ያህል በጋንቾው ላይ ያርፋል። ይህ የጭነቱ 12 በመቶ ነው። ለአነስተኛ ተሳቢዎች በተለምዶ የሚመከረው ከ10 እስከ 15 በመቶ ያለው መጠን በመሆኑ አቀማመጡ መልካም ነው። ያው ጭነት ከዘንጉ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢቀመጥ ግን 43 ኪሎ ግራሙ ጋንቾውን ወደ ላይ ያነሣል፤ የፒክአፑ የኋላ ጎማዎችም መሬቱን አጥብቀው መያዝ ይሳናቸዋል። ተሳቢው እንደ እባብ ወዲያና ወዲህ ጅራቱን መምታት የሚጀምረውም በዚህ ጊዜ ነው። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ውዝዋዜው ይሰፋል። እንዲህ ሲሆን መሪውን ማወናጨፍ ወይም ነዳጅ መጨመር ችግሩን ያባብሳል፤ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ ነዳጁን ቀስ ብሎ መልቀቅ ይሻላል።

ዳገት ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚወስደው መንገድ ወደ ጎጀብ ወንዝ ሸለቆ ወርዶ እንደገና ይወጣል። ተሳቢው ወደ ላይ ሲያቀና ከጋንቾው ከፍ ብሎ የተቀመጠ ጭነት ክብደቱ ወደ ኋላ ያደላል። ሞተር ሳይክሎቹ 10 በመቶ በሆነ ዳገት ላይ በጋንቾው ያሳረፉት 43 ኪሎ ግራም ወደ 32፣ 20 በመቶ በሆነ ዳገት ላይ ደግሞ ወደ 22 ኪሎ ግራም ይወርዳል። በደልዳላ ሜዳ ላይ ሚዛኑን ለጥቂት የጠበቀ ጭነት አቀበት ላይ ሚዛኑን የሚያጣው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሞተሮቹን ከጫንን በኋላ ጋንቾውን በእጅ አንሥተን ብንሞክረው፣ እጅግም ሳይቀል አንድ ጠንካራ ሰው የሚያነሣው ያህል ክብደት ልናገኝ ይገባል።

ቁልቁለትና ፍሬን

ከፍታ ላይ ያለ ማንኛውም ነገር አቅም ያጠራቀመ ነው። ፒክአፑና ተሳቢው ከነጭነታቸው 2,600 ኪሎ ግራም ቢመዝኑና 100 ሜትር ዝቅ ቢሉ 2.5 ሚሊዮን ጁል ያህል አቅም ይለቃሉ። ፍጥነቱ እንዳይጨምር የሚፈልግ አሽከርካሪ ይህን ሁሉ ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። ቦንጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያ ሙቀት 20 ዲግሪ የነበረን 8 ሊትር ውሃ እስኪፈላ ማሞቅ ይችላል። አንድ ሊትር የምትይዝ ጀበና 8 ጊዜ እንደ ማፍላት ነው ማለት ነው።

ሙቀቱ በሙሉ በፍሬን ሸራ ላይ ከወደቀ ፍሬኑ ግሎ መያዝ ያቅተዋል። በከባድ ማርሽ መውረድ የሚያስፈልገውም የሙቀቱን ድርሻ ሞተሩ እንዲወስድ ነው። በፎሌ የሚወርድ አሽከርካሪ ይህን ረዳቱን አሰናብቷል። የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ጎታቹን ከኋላ ይገፋዋል። በአውሮፓ አገሮች ፍሬን አልባ ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ የተወሰነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ማሰር እንጂ ማስያዝ አይበቃም

ጆንያ በወለሉ ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል። ጎማ ግን ለመሽከርከር የተሠራ ነው፤ ሞተሩ ማርሽ ውስጥ ቢገባም የሚያዘው የኋላው ጎማ ብቻ ነው። በአውሮፓ የጭነት አስተሳሰር ደንብ መሠረት አንድ ጭነት ወደ ፊት የክብደቱን 80 በመቶ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ደግሞ 50 በመቶ የሚያህል ጉልበት እንዲቋቋም ሆኖ መታሰር ይኖርበታል። ለአንድ 120 ኪሎ ግራም ሞተር ሳይክል ይህ ወደ ፊት 96፣ ወደ ጎን 60 ኪሎ ግራም ነው። ለሦስቱ ሞተሮች በአንድነት ወደ ፊት 288 ኪሎ ግራም ይሆናል።

«ሞተሩን እንዲይዝ» ተብሎ ተሳቢው ላይ የሚቀመጥ ወጣት ከዚህ ጉልበት ጋር ነው የሚገጥመው። አሽከርካሪው ድንገት ፍሬን ሲይዝ 288 ኪሎ ግራሙን በክንዱ ሊያቆም ቀርቶ የራሱን አካል እንኳን ሊያቆም አይችልም። ከዚህም በላይ የእርሱ ክብደት የጭነቱን የስበት ማዕከል የበለጠ ከፍ ያደርገዋል። እርሱን ከዚያ ላይ ማውረድ በዚህ ጽሑፍ ከዘረዘርናቸው ጥንቃቄዎች ሁሉ ይቀድማል።

ትክክለኛው አስተሳሰር የሚከተለው ነው፦

1. የፊት ጎማው ከተሳቢው የፊት መከላከያ ጋር ተደግፎ ይቆም።

2. ገመዱ ወይም ቀበቶው ከሞተሩ የላይኛው ክፍል ተነሥቶ በግራና በቀኝ ወደ ውጭ፣ ወደ ታችና ወደ ፊት 45 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ ይታሰር፤ ከኋላም እንዲሁ ይደረግ። ቀጥ ብሎ የወረደ ገመድ ሞተሩን ወደ ወለሉ ይጫነዋል እንጂ በጎን ከመውደቅ አያድነውም።

3. የፊት አሞርዛተሩ እስከ ግማሽ ድረስ እስኪጨመቅ ይጠበቅ። እንዲህ ከሆነ ተሳቢው ሲነጥር ገመዱ አይላላም። ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ግን ስለሚለጠጥ ለዋና ማሰሪያነት አይሆንም።

4. የቤንዚኑ መክፈቻ ይዘጋ።

5. ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ ቆሞ ማሰሪያውን ሁሉ ማጥበቅ ያስፈልጋል።

ሞተሩን ወደ ላይ ማውጣትም የራሱ ስሌት አለው። ወለሉ 70 ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲል በ1.4 ሜትር ጣውላ ለማውጣት የሞተሩን ክብደት ግማሽ፣ ማለትም 60 ኪሎ ግራም ያህል መግፋት ይጠይቃል። ጣውላው 2.8 ሜትር ቢሆን 30 ኪሎ ግራም ይበቃል። መንገድ ሲጠረግ ከተቆለለ አፈር ጋር ተሳቢውን አስጠግቶ ከፍታውን መቀነስም ይቻላል። ጣውላው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ግን ላይኛው ጫፉ ከተሳቢው ጋር መታሰር አለበት።

ከእነዚህ ነገሮች አብዛኞቹ ለአባቶቻችን እንግዳ አይደሉም። ቡናና ዝባድ ከከፋ በበቅሎ ያወጡ የነበሩት ሲራራ ነጋዴዎች ጭነቱን በግራና በቀኝ ሳያመዛዝኑ አይነሡም ነበር፤ በመንገድም ቆመው መጫኛውን ያጠብቁ ነበር። በቅሎዋ ሚዛኑ ሲዛባ በአካሄዷ ትናገራለች። ተሳቢ ግን አይናገርም። ስለዚህ ከመነሣታችን በፊት «ስንት ኪሎ ነው?» በሚለው ጥያቄ ላይ ሦስት ሌሎች ጥያቄዎችን እንጨምር፤ ምን ላይ አረፈ? ከዘንጉ በየት በኩል፣ ምን ያህልስ ከፍ ብሎ ተቀመጠ? በምን ታሰረ?