ያልተጠየቀው ተማሪ፦ ለጥናት ጀማሪዎች ጥቂት የስታቲስቲክስ ቃላት



የመጀመሪያ የጥናት ጽሑፋችሁን ስትጀምሩ ብዙዎቻችሁ የምትፈሩት ስሌቱን ነው። መደመርና ማካፈል ለሚችል ሰው ስሌቱ አይከብድም። የሚከብደው ማንን መጠየቅ እንደሚገባ መወሰኑ ነው። ቃላቱን በአንድ ምሳሌ እንያቸው።

ጥያቄያችን «በትምህርት ቤታችን ተማሪዎች ለምን ያረፍዳሉ?» የሚል ይሁን። ጥያቄው የሚመለከታቸው ተማሪዎች በሙሉ የጥናቱ ሕዝብ ይባላሉ። ሁሉንም ከጠየቅን ቆጠራ ነው፤ ጥቂቶቹን መርጠን ከጠየቅን ደግሞ የተመረጡት ናሙና ይባላሉ። አገራችን ሁለቱንም ሠርታለች። በ1999 ዓ.ም. በተጀመረው ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 73.7 ሚሊዮን ያህል ሰው ተቆጥሯል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን የተጠየቁት 16,650 ቤተሰቦች ናቸው። ከእነርሱ በተገኘው መረጃ፣ በመላ አገሪቱ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ መሆናቸው ተገምቷል። ይህን ለማለት የተቻለው ቤተሰቦቹ ከየክልሉ፣ ከከተማም ከገጠርም፣ በዕጣ ስለ ተመረጡ ነው።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ሰባት ተማሪዎች ከቤት እስከ ትምህርት ቤት የሚፈጅባቸውን ደቂቃ እንዲህ ነገሩን እንበል፦ 5፣ 10፣ 10፣ 15፣ 20፣ 25፣ 90። ከተማሪ ተማሪ የሚለያየው የጉዞ ጊዜ ተለዋዋጭ ይባላል፤ የሰበሰብናቸው ቁጥሮች መረጃ ናቸው። ድምሩ 175 ለ7 ሲካፈል 25 ይሆናል፤ ይህ አማካይ ነው። ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው 15 ሚዲያን ነው። የተደጋገመው 10 ሞድ ነው። ከትልቁ ላይ ትንሹ ሲቀነስ የሚገኘው 85 ሬንጅ ነው።

«አማካዩ 25 ደቂቃ ነው» ብንል ስሌቱ ልክ ነው። ሆኖም ከሰባቱ አምስቱ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይደርሳሉ፤ ከኦምዱርማን ድልድይ ተሻግሮ የሚመጣው ባለ 90 ደቂቃው ልጅም በ25 ውስጥ አይታይም። ስለዚህ አማካይን ብቻውን አትጻፉ፤ ሚዲያኑና ሬንጁ አብረውት ይቅረቡ።

ከዚህ የባሰ ስሕተትም አለ። መጠይቁን ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ለተሰለፉት ብናድል፣ ያ ልጅ ገና መንገድ ላይ ነው። ስለ ማርፈድ የጠየቅነው ያላረፈዱትን ሆነ ማለት ነው። ይህ ያጋደለ ናሙና ይባላል። ከዚያው ሰልፍ ሌላ መቶ ተማሪ ብንጨምር አይቃናም። የሚቃናው ከስም መዝገቡ በዕጣ ስንመርጥ፣ የተመረጠውም ባይገኝ ፈልገን ስንጠይቀው ነው።

እኔ ያንን ጥናት አምኜ «የሚያረፍዱት ሰነፎች ናቸው» ብዬ ደንብ ባወጣ፣ የሚቀጣው ያልተጠየቀው ልጅ ነው። ወላጆችም ልጆቻችሁ መጠይቅ ይዘው ሲመጡ ጊዜ ሰጥታችሁ እውነተኛውን መልስ ንገሯቸው። እናንተም ተማሪዎች ጽሑፋችሁን ይዛችሁ ወደ ቢሮዬ ስትመጡ፣ በመጀመሪያ የምጠይቃችሁ «ሳይጠየቅ የቀረ ማን አለ?» ብዬ ነውና መልሱን አዘጋጅታችሁ ኑ።