ታሪኳ ያልተነገረ መኪና ከሣጥኗ አትወጣም

አራት ሜትር ከ65 ሳንቲ ሜትር የምትረዝም የእሽቅድምድም መኪና መዳፋችሁ ላይ ልትቆም ትችላለች? ርዝመቷን ለ43 ብናካፍለው 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ያን ጊዜ መዳፍ ላይ ትቆማለች። ሞዴል መኪና የሚሰበስቡ ሰዎች ይህን ልክ “አንድ ለአርባ ሦስት” ይሉታል።

እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። ሞዴል መኪና መሰብሰብ የጀመርኩት ለሁለተኛ ዲግሪዬ ጀርመን በነበርኩበት ጊዜ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የአሮጌ ዕቃ ገበያ እሄድ ነበር። እዚያ አዛውንቶች ትንንሽ መኪኖችን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ይሸጣሉ። አንዷን ካነሣችሁ ባለቤቱ ዋጋዋን ከመናገሩ በፊት ታሪኳን ይነግራችኋል፤ ማን እንደነዳት፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሮጠች፣ የት እንደተበላሸች። ዛሬ ከልጄ ጋር የምሰበስበው በዚሁ መንገድ ነው። ቤታችን ውስጥ አንድ ሕግ አለ፤ ታሪኳ ያልተነገረ መኪና ከሣጥኗ አትወጣም።

ሌማን ምንድን ነው?

የምንሰበስበው የጽናት ውድድር መኪኖችን ብቻ ነው። ከእነዚህ ውድድሮች ትልቁ በፈረንሳይ አገር በሌማን ከተማ የሚደረገው የ24 ሰዓት ሩጫ ነው። መጀመሪያ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። ሩጫው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይጀመርና እሑድ ከሰዓት በኋላ ያበቃል። ሌሊቱን ሙሉ አይቆምም። በዛሬው ሩጫ በአንዲት መኪና ሦስት ሾፌሮች እየተቀያየሩ ይነዳሉ። በ24 ሰዓት ውስጥ ብዙ መንገድ የሄደችው መኪና ታሸንፋለች።

አንዱ ዙር 13.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ መንገድ ከፊሉ በሌላ ጊዜ ማንኛውም ሰው የሚነዳበት የሕዝብ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ያሸነፈችው አውዲ በአንድ ቀንና በአንድ ሌሊት 5,410 ኪሎ ሜትር ተጉዛለች።

እዚህ ላይ ከልጆቻችሁ ጋር ትንሽ ሒሳብ መሥራት ትችላላችሁ። መንገዱም እንደ መኪናዋ 43 ጊዜ ቢያንስ አንዱ ዙር 317 ሜትር ይሆናል። የ2010ሩ ጉዞ ደግሞ 126 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ካለው መንገድ ብዙም አያንስም። መዳፍ ላይ የምትቆም መኪና በአንድ ቀን ደብረ ብርሃን ልትደርስ ምንም አልቀራትም ማለት ነው።

ትንሿ መኪና እንዴት ትሠራለች?

“ዳይካስት” የሚባሉት ሞዴሎች የሚሠሩት ከዚንክ ቅይጥ ነው። የቀለጠው ብረት በኃይለኛ ግፊት ወደ ቅርጽ ማውጫው ይገባል። ሲቀዘቅዝ የመኪናዋ አካል ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ቀለም ይቀባል፤ ቁጥሮቹና ጽሑፎቹም ይታተሙበታል።

አንድ ለአርባ ሦስት የሚለው እንግዳ ቁጥር የመጣው ከአሻንጉሊት ባቡር ነው። መኪኖቹ ከባቡሩ ጎን ሲቆሙ እንዲመጣጠኑ በዚያ ልክ ተሠሩ። ሌሎች ልኮችም አሉ። አንድ ለአሥራ ስምንት ትልቅ ነው፤ ያችው መኪና 26 ሳንቲ ሜትር ያህል ትሆናለች። አንድ ለስድሳ አራት ደግሞ ኪስ ውስጥ ይገባል።

ብረት ስለሆነች ለዘላለም ትኖራለች ማለት አይደለም። በቅይጡ ውስጥ እርሳስ ከተቀላቀለ ከዓመታት በኋላ አካሏ ይሰነጠቃል፤ በመጨረሻም ይፈራርሳል። (ይህ እርሳስ የምንጽፍበት ሳይሆን ከባዱ ብረት ነው።) ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ ብዙ ሞዴሎች የጠፉት በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒት የለውም፤ ችግሩ የገባው መኪናዋ በተሠራችበት ቀን ነውና። ሞዴሏ ብትፈርስ እንኳ የሚተርፈው ታሪኳ ነው።

ታሪኩ ለማን ይነገራል?

ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አማርኛ ይሰማል፤ ሲናገር ግን ያፍራል። እናቴ የምትኖረው አዲስ አበባ ነው። እሑድ እሑድ ስንደውል የሁለቱ ጨዋታ በአራት ቃላት ያልቅ ነበር፤ “ደህና ነሽ?” “ደህና ነኝ።” ከዚያ ስልኩን ለእኔ ይመልሳል። እናቴ በዚህ ታዝን ነበር። “ልጁ እኮ የሚለኝ የለውም” አለችኝ አንድ ቀን።

ስለዚህ ሕጉ ላይ አንድ ነገር ጨመርን። አዲስ መኪና ስትመጣ ልጄ ታሪኳን በአማርኛ ለአያቱ ይነግራል። እሷ ገባኝ ስትል ሣጥኑ ይከፈታል።

ፈረንሳዮች የከተማዋን ስም ሲጠሩት “ለማን” ከሚለው ጥያቄያችን ጋር ይመሳሰላል። በመጀመሪያው ቀን ልጄ “እማማ፣ ለማን ይሮጣሉ” አላት። “እኔን ትጠይቀኛለህ እንዴ? ለማን ነው የሚሮጡት?” አለች። ሁለቱም እስኪያማቸው ሳቁ። ያን ቀን 20 ደቂቃ አወሩ።

ቀስ ብሎ የሄደው ሰው

ልጄ የነገራት የመጀመሪያው ታሪክ የ1969ኟ ፎርድ ጂቲ40 ነው። ቀለሟ ውሃ ሰማያዊና ብርቱካናማ ነው፤ ቁጥሯ 6 ነው። በዚያ ዘመን ሩጫው ሲጀመር ሾፌሮች መንገዱን በእግራቸው ሮጠው ያቋርጡና መኪናቸው ውስጥ ዘለው ይገቡ ነበር። ጊዜ እንዳይባክን ብለው ቀበቶ ሳያስሩ የሚነሡም ነበሩ። ቤልጅየማዊው ዣኪ ኢክስ ይህ አደገኛ መሆኑን ለማሳየት ፈለገ። ሌሎቹ ሲሮጡ እሱ በእርጋታ ተራመደ። ቀበቶውን በደንብ አሰረና ከሁሉም በኋላ ተነሣ።

በዚያው ሩጫ በመጀመሪያው ዙር ጆን ዎልፍ የተባለ እንግሊዛዊ ሾፌር ተጋጭቶ ሞተ። ኢክስና ጓደኛው ጃኪ ኦሊቨር ግን ከ24 ሰዓት በኋላ በ120 ሜትር ገደማ ብቻ ቀድመው አሸነፉ። በሚቀጥለው ዓመት ሾፌሮቹ ሩጫውን የጀመሩት መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው፣ ቀበቶ አስረው ነው።

እናቴ ይህን ስትሰማ “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል በለኛ!” አለች። ልጄ እግር ያለው እንቁላል አስቦ ግራ ተጋባ። ጫጩት መሆኑን እስኪረዳ ድረስ ሌላ አሥር ደቂቃ ሄደ።

ፒስተን የሌላት መኪና

ሁለተኛዋ የ1991ዷ ማዝዳ 787ቢ ናት። ብርቱካናማና አረንጓዴ ናት፤ ቁጥሯ 55 ነው። ሞተሯ እንደ ሌሎቹ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ፒስተን የለውም፤ በምትኩ አራት የሚሽከረከሩ ክፍሎች አሉት። ሩጫውን የጀመረችው ከ19ኛ ቦታ ነው። 362 ዙር ሄዳ አሸነፈች። በሌማን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ የጃፓን መኪና እሷ ናት።

በመጨረሻ ሲነዳ የነበረው ጆኒ ኸርበርት ከመኪናዋ ሲወርድ ሰውነቱ ውሃ አጥቶ ወደቀ፤ ወደ ሽልማቱ መድረክ መውጣት አልቻለም። እናቴ ስለ ሞተሩ አንድ ነገር አልጠየቀችም። “ውሃ የሚሰጠው ሰው አልነበረም?” ነው ያለችው።

የተሸነፈችውን ለምን ገዛን?

ሦስተኛዋ የ2016ቷ ቶዮታ ቲኤስ050፣ ቁጥር 5 ናት። ልጄ ሳይወዳት ቆይቷል። “ያላሸነፈች መኪና ለምን እንገዛለን?” ይለኝ ነበር።

ቶዮታ እስከዚያ ቀን ድረስ ሌማንን አሸንፎ አያውቅም። ሩጫው ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ገደማ ሲቀር ይህች መኪና ትመራ ነበር። ድንገት ሾፌሩ ካዙኪ ናካጂማ ኃይል እንደሌለው በሬዲዮ ተናገረ። መኪናዋ ማብቂያው መስመር አጠገብ ቆመች፤ ፖርሸ አልፏት አሸነፈ። በኋላ እንደታወቀው የተበላሸው ከተርቦው ወደ አየር ማቀዝቀዣው የሚሄደው መገናኛ ነበር። ቁጥር 5 እንደምንም የመጨረሻውን ዙር ጨረሰች፤ ግን ከ6 ደቂቃ በላይ ስለፈጀባት በውጤቱ ዝርዝር ውስጥ እንኳ አልገባችም።

በሥራዬ ይህን ዓይነት ነገር አውቃለሁ። አንድ ሥርዓት ውስጥ ሺህ ነገር በትክክል ይሠራል፤ አንዲት ትንሽ ክፍል ትቆምና ሁሉም ይቆማል። ሰዎች የሚያስታውሱት የቆመበትን ደቂቃ ነው። ሞዴሏ ግን የሠራችባቸውን ሰዓታትም ጭምር ትይዛለች። ስለዚህ ነው የገዛኋት።

ልጄ ታሪኳን ለአያቱ ሲነግር ድምፁ ተለወጠ። ቃል ሲጠፋው “ቆይ፣ ቆይ” እያለ ፈለገ እንጂ ስልኩን አልመለሰልኝም። እናቴ ዝም ብላ ሰማችው። ከዚያ “ልጁ ተመልሶ መጣ?” ብላ ጠየቀች። መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 ቶዮታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሸንፍ መኪናዋን ወደ ማብቂያው ያደረሳት ያው ናካጂማ ነው። “ተመስገን” አለች እናቴ፣ የጎረቤት ልጅ ፈተና ያለፈ ያህል።

ኮፈን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ

ታሪክ ለመንገር የመኪና ቃላት ያስፈልጋሉ። የሞተሩ ክዳን ኮፈን ይባላል። ማርሽ የሚቀያይረው ክፍል ካምቢዮ ነው። ጭሱ የሚወጣው በማርሚታ ነው። ጎማው የሚገጠምበት ብረት ቸርኬ ነው። ኮፈን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ጎማ፣ “መኪና” የሚለው ቃል ራሱ ሳይቀር ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ልጄ ይህን ሲሰማ “ታዲያ እኔ ጣሊያንኛም እችላለሁ!” አለ። ቃላቱን በወረቀት ጽፈን መደርደሪያው ጎን ለጥፈናል።

መጀመር ለምትፈልጉ

አንድ ልክ ምረጡና በዚያው ቀጥሉ፤ ያኔ መኪኖቹ ጎን ለጎን ሲቆሙ እውነተኛ መጠናቸውን ታወዳድራላችሁ። አንድ ለስድሳ አራት ርካሽ ነው፤ ለትንንሽ ልጆችም ይመቻል። በሮቿና ኮፈኗ የሚከፈቱ መኪና ከፈለጋችሁ ዳይካስት ፈልጉ፤ ከሬዚን የተሠሩት ብዙውን ጊዜ አይከፈቱም። ከፀሐይ አርቋቸው፤ ቀለሙ ይነጣል። እርጥብ ቦታም አታስቀምጧቸው።

ብዙ ለመግዛት አትቸኩሉ። ሻጮች በየወሩ አዲስ ነገር ያመጣሉ፤ መደርደሪያውም ኪሱም ቶሎ ይሞላል፣ ይጎድላል። እኛ ታሪክ ነግረን ሳንጨርስ ሌላ ስለማንገዛ በዓመት ከአምስት ወይም ከስድስት አያልፍም።

እናንተ አማርኛ የምትማሩ ልጆችም መኪና ባትወዱ ግድ የለም። የምትወዱት ኳስ፣ ጫማ ወይም ሙዚቃ ሊሆን ይችላል። ከምትወዱት ነገር አንዱን ምረጡ፤ ታሪኩን እወቁ፤ የሚያስፈልጓችሁን አሥር ቃላት ጠይቁ። ከዚያ የቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ለማን ትነግራላችሁ?