የባዘነች ላምና የሞተ ሕፃን በአንድ ዓምድ፦ የአሜሪካ ገጠር ጋዜጦች ማስታወቂያዎች

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ፣ ማለትም በዊስኮንሲን፣ በአዮዋ፣ በነብራስካ፣ በካንሳስና በዳኮታ የእርሻ አገሮች፣ ጥቂት መቶ ነዋሪዎች ብቻ ያሏት ከተማ እንኳ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወጣ የራሷን ጋዜጣ ለማቆም ትጣጣር ነበር። እነዚህ ጋዜጦች ስለ ዋሽንግተን ፖለቲካና ስለ አውሮፓ ነገሥታት የጻፉት በሌላ ቦታም በተሻለ ሁኔታ ይገኛል፤ በሌላ በየትም የማይገኘው ግን ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደ፣ የማን ጎተራ እንደተቃጠለ፣ ማን እንደተቀበረና ሐዘንተኛው ቤተሰብ ማንን እንዳመሰገነ የሚናገሩት ባለ ሁለትና ባለ ሦስት መስመር ማስታወቂያዎች ናቸው። ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ደብዳቤም ሆነ የዕለት ማስታወሻ ትተው ስላላለፉ፣ በዚህ ምድር ላይ ስለመኖራቸው የቀረው የጽሑፍ ምስክር ብዙ ጊዜ ይኸው ማስታወቂያ ብቻ ነው።

ጋዜጦቹ እንዲህ በየመንደሩ ሊበዙ የቻሉት በሁለት ተጨባጭ ምክንያቶች ነው። የመጀመሪያው የፖስታ ሕግ ሲሆን፣ የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1851 ባወጣው ሕግ ሳምንታዊ ጋዜጦች በታተሙበት ካውንቲ ውስጥ ላሉ ደንበኞቻቸው ያለ ምንም የፖስታ ክፍያ እንዲደርሱ ፈቀደ፤ ካውንቲ የሚባለው በክፍለ ግዛት ሥር ያለ፣ የራሱ ፍርድ ቤትና የመሬት መዝገብ ያለው የአስተዳደር ክፍል ነው። ሁለተኛው ምክንያት የተገኘው ከችግር ነው። በዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት በባራቡ ከተማ ጋዜጣ ያሳትም የነበረው አንሰል ኬሎግ እ.ኤ.አ. በ1861 ሠራተኞቹ ለአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲዘምቱበት፣ ግማሽ ገጾቹ በማዲሰን ከተማ አስቀድመው የታተሙ ወረቀቶችን እያስመጣ ባዶ የቀሩትን ገጾች ብቻ በራሱ ማተሚያ መሙላት ጀመረ፤ ከጦርነቱ በኋላም ይህንኑ አሠራር ቺካጎ ላይ ወደ ትልቅ ንግድ ለወጠው። በዚህ ዘዴ የዓለም ዜናው፣ ተከታታይ ልብ ወለዱና የመድኃኒት ማስታወቂያው ተዘጋጅቶ ስለሚመጣ፣ ብዙውን ጊዜ ራሱ ፊደል ለቃሚ፣ ራሱ አታሚ የነበረው የገጠር አዘጋጅ ጉልበቱን በሙሉ ለሰፈሩ ጉዳይ ሊያውለው ቻለ።

ለቀሪው ገጽ የሚሆነውን ወሬ የሚሰበስቡለት በየቀበሌው የነበሩ ጸሐፊዎች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ የገበሬ ሚስቶችና የመንደር መምህራን ነበሩ፤ ክፍያቸውም በአብዛኛው ነጻ ጋዜጣ፣ የመጻፊያ ወረቀትና የፖስታ ቴምብር እንጂ ደመወዝ አልነበረም። የሚልኩትም እሑድ ማን ማንን እንደጠየቀ፣ የስንዴ አጨዳው የት እንደደረሰ፣ ማን አዲስ የውኃ ጉድጓድ እንዳስቆፈረ፣ የትኛዋ እናት ከአልጋ እንደተነሣችና የትኛው ሽማግሌ እንደተዳከመ የሚገልጽ ነበር። ለከተማ አንባቢ ይህ ሁሉ ከንቱ ወሬ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን ቤቱ ከጎረቤቱ ቤት በብዙ ርቀት ለተለየ፣ ክረምቱም ለሳምንታት በበረዶ ለሚዘጋበት ገበሬ፣ ማን እርዳታ እንደሚያስፈልገውና የማን ለቅሶ መድረስ እንዳለበት የሚነግረው ሌላ መንገድ አልነበረም። በኢትዮጵያ የእድር ጡሩምባ ነፊ በሌሊት በየመንደሩ እየዞረ የሚያደርገውን፣ በዚያ በተበታተነ አሰፋፈር ጋዜጣው በሳምንት አንድ ቀን ያደርገው ነበር።

ከማስታወቂያዎቹ ብዙዎቹ የሚወጡት በሕግ አስገዳጅነት ነበር። በእርሻው ውስጥ የባዘነ ከብት ያገኘ ሰው የእንስሳውን ቀለም፣ ዕድሜ፣ በጆሮው ላይ የተቆረጠውን ምልክትና በጋለ ብረት የተተኮሰውን ማኅተም ዘርዝሮ ማሳወቅ እንደነበረበት የብዙ ክፍላተ ግዛት ሕግ ይደነግግ ስለነበር፣ የአንዲት ላም መልክ ከባለቤቷ መልክ ይልቅ በዝርዝር ተመዝግቦ የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1862 በወጣው የሆምስቴድ ሕግ መሠረት ደግሞ 160 ኤከር፣ ማለትም ወደ 65 ሄክታር የሚጠጋ የመንግሥት መሬት ወስዶ ለ5 ዓመት የኖረበትና ያረሰው ሰው የባለቤትነት ማረጋገጫ ያገኝ ነበር፤ በ1879 የወጣ ሌላ ሕግ ይህንን ማረጋገጫ የሚጠይቅ ሁሉ የምስክሮቹን ስም ጠቅሶ፣ ለመሬቱ ቅርብ በሆነው ጋዜጣ ላይ በየሳምንቱ ለ30 ቀን እንዲያሳውቅ አዘዘ። ያላገቡ ሴቶችና ባሎቻቸው የሞቱባቸው እናቶችም መሬት መጠየቅ ይችሉ ስለነበር፣ ማስታወቂያውን በተከታታይ የሚያነብ ሰው በባል ስም ተጀምሮ በሚስት ስም የተፈጸመ ጥያቄ ሲያጋጥመው፣ በመካከሉ አንድ መቃብር መቆፈሩን ሊረዳ ይችላል።

ከዚህም የባሰ የሚያሳዝነው፣ ሚስቱ ቤቱን ጥላ ስለሄደች ከእንግዲህ በስሙ የምትበደረውን እንደማይከፍል ባል የሚያሳውቅበት ማስታወቂያ ነው። ባል ለሚስቱ ቀለብና ልብስ ዕዳ ኃላፊ ይሆን ስለነበር ማስታወቂያው ሕጋዊ መከላከያ ይሆነው ነበር፤ ሴቲቱ ለምን እንደሄደች ግን አይናገርም። አንዳንድ ሴቶች በራሳቸው ማስታወቂያ ድብደባውንና ረሃቡን ዘርዝረው መልስ የሰጡ ቢሆንም፣ አብዛኞቹ ለዚያ የሚሆን ገንዘብም ድፍረትም አልነበራቸውምና፣ አንባቢ የሚያገኘው የአንድ ወገን ክስ መሆኑን ሊዘነጋ አይገባም።

የሞት ማስታወቂያዎች ክብደት የሚታወቀው የዘመኑን ሞት ሲያስተውሉ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በአሜሪካ ከሚወለዱ ሕፃናት ከመቶ 18 ያህሉ 5 ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ እንደነበር የሕዝብ ቆጠራ ሰነዶችን የመረመሩ ሊቃውንት ገምተዋል። በተለይ ሐኪሞች ዲፍቴሪያ የሚሉት ዘጊ አናዳ በልጆች ጉሮሮ ላይ ወፍራም ሽፋን እያበጀ ትንፋሽ የሚያሳጣ በሽታ በመሆኑና ከልጅ ወደ ልጅ ቶሎ ስለሚተላለፍ፣ ከአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ልጆችን በአንድ ሳምንት ይወስድ ነበር፤ የበሽታውን መርዝ የሚያከሽፈው መድኃኒት መሠረት በ1890 በበርሊን ተጥሎ በ1895 አሜሪካ ውስጥ መመረት ቢጀምርም፣ ከሐኪም ርቆ ወደሚኖረው ገበሬ ፈጥኖ አልደረሰም። በዚህ ላይ ዊስኮንሲን ልደትና ሞት እንዲመዘገብ በ1852 ሕግ ብታወጣም ምዝገባው በወጉ የተደራጀው ከ1907 ወዲህ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የሞተ የገበሬ ልጅ ስሙ የሚገኘው ወይ በቤተ ክርስቲያን መዝገብ፣ ወይ በመቃብር ድንጋይ፣ አለዚያም በጋዜጣው ዓምድ ነው።

እነዚህ የሞት ማስታወቂያዎች የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። የአሜሪካን የሙታን መታሰቢያ ጽሑፎች ያጠኑት ጃኒስ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ አንድ ማኅበረሰብ ሟቾቹን የሚያመሰግንበት ምግባር ራሱ የሚያከብረውን ምግባር ይገልጣል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሴት በትዕግሥቷና በታዛዥነቷ፣ ወንድ በአገር ወዳድነቱ ሲወደሱ፣ ወደ 20ኛው ሲደረስ ግን የሥራ ትጋትና የኑሮ ስኬት ጎልተው ወጡ። በዚህ የተለመደ ቃል ውስጥ እውነተኛው ሰው ብዙ ጊዜ ይሰወራል። ከቀብር በኋላ የሚወጣው የምስጋና ማስታወቂያ በአንጻሩ፣ አጭርና አንድ ዓይነት ቢሆንም፣ በሕመሙ ወቅት ያስታመሙትን፣ ምግብ ያመጡትንና መቃብር የቆፈሩትን ጎረቤቶች ስለሚጠቅስ፣ ሐዘኑ በማን ትከሻ ላይ እንዳረፈ በግልጽ ይናገራል፤ ከውዳሴውም ይልቅ የሚታመነው እርሱ ነው።

ልማዱን የሰበረው እጅግ የታወቀው ጽሑፍ የኤምፖሪያ ጋዜት ባለቤት ዊልያም አለን ኋይት በግንቦት ወር 1921 ስለ ሴት ልጃቸው ስለ ሜሪ የጻፉት ነው። የ16 ዓመቷ ሜሪ በካንሳስ በምትገኘው በኤምፖሪያ ከተማ በፈረስ ስትጋልብ የዛፍ ቅርንጫፍ መትቷት ሞተች፤ አባቷም በውዳሴ ፋንታ ፈረሷን፣ ጓደኞቿን፣ በትምህርት ቤት የያዘችውን ሥራና ለጥቁር ሴት ተማሪዎች ማረፊያ ክፍል እንዲሰጥ ያደረገችውን ሙግት ተረኩ። ጽሑፉ ከአገር አገር እየታተመ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ሊገባ የቻለው የልጅቱን ሞት በኖረችው ኑሮ አማካይነት ስለነገረ ነው።

የገጠር ጋዜጣ ማስታወቂያዎችን ለሰፊው አንባቢ ያስተዋወቀው ደግሞ ማይክል ሌሲ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው ‹‹ዊስኮንሲን ዴዝ ትሪፕ›› የተባለ መጽሐፍ ነው። ሌሲ በብላክ ሪቨር ፎልስ ከተማ ይታተም ከነበረው ባጀር ስቴት ባነር ጋዜጣ የራስን ሕይወት ማጥፋትን፣ ቃጠሎን፣ እብደትንና የሕፃናትን ሞት የሚመለከቱ ዜናዎችን ለቅሞ፣ ቻርልስ ቫን ሻይክ የተባለው የከተማው ፎቶግራፍ አንሺ በመስታወት ላይ ካነሣቸው ምስሎች ጋር አሰለፋቸው። መጽሐፉ በ1893 የጀመረው የኢኮኖሚ ቀውስና ዲፍቴሪያን የመሰሉ በሽታዎች በገጠሩ ላይ ያደረሱትን ጫና በማሳየቱ ትልቅ ውለታ ውሏል፤ ይሁን እንጂ ጨለማውን ብቻ መርጦ መሰብሰቡ ትክክል አልነበረም። በዋናው ጋዜጣ ላይ የሕፃኑ ሞት ከቅቤ ዋጋ፣ ከቤተ ክርስቲያን ግብዣና ከባዘነችው ላም አጠገብ ነው የቆመው፤ ሐዘንተኛዋ እናትም ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው ዓምድ እኅቷን ልትጠይቅ መሄዷ ሊነበብ ይችላል። ማስታወቂያውን ከዚህ ጉርብትና ነጥሎ ማንበብ ሰዎቹ በሞት ውስጥ እንዴት መኖር እንደቀጠሉ የሚያሳየውን ግማሽ እውነት ያስቀራል።

የተራው ወሬ ጥቅም እስከየት እንደሚደርስ የሚያሳየው ምሳሌ የሚገኘው በካንሳስ ደቡብ ምዕራብ፣ ሃስኬል ካውንቲ ውስጥ ነው። በ1918 መጀመሪያ ወራት ሎሪንግ ማይነር የተባሉ የአካባቢው ሐኪም ጠንካራ ጎልማሶችን የሚገድል ያልተለመደ ኢንፍሉዌንዛ አይተው ለመንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት አሳወቁ። ጆን ባሪ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው መጽሐፍ ሳንታ ፌ ሞኒተር የተባለውን የካውንቲውን ሳምንታዊ ጋዜጣ ገልጦ፣ እገሌ በሳንባ ምች ተኝቷል፣ የእገሌ ልጅ ተሽሎታል፣ እገሌ ወንድሙን ሊያይ ወደ ጦር ሰፈር ሄዷል የሚሉትን ጥቃቅን ወሬዎች ከቀናቸው ጋር በማያያዝ፣ በሽታው ከዚህ ካውንቲ ወደ ካምፕ ፈንስተን የጦር ማሠልጠኛ ሳይሻገር እንዳልቀረ ተከራከረ፤ በማሠልጠኛውም የመጀመሪያዎቹ ሕመምተኞች የተመዘገቡት በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር መጀመሪያ ነው። መነሻው ፈረንሳይ ወይም ቻይና ነው የሚሉ ሌሎች ተመራማሪዎች ስላሉ ክርክሩ አልተዘጋም። ያም ሆነ ይህ ኢትዮጵያውያን ‹‹የኅዳር በሽታ›› ብለው የሚያስታውሱት፣ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሙታኗን የሚቀብር እስኪያሳጣት ያደረሳት ወረርሽኝ ይኸው ነው፤ የዓለምን ታላቅ መቅሠፍት ዱካ ለመከተል ከሚያገለግሉት ማስረጃዎች አንዱ የሆነውም ለታሪክ ተብሎ ያልተጻፈ የጥየቃ ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 መጸው በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቀብር ስለተከለከለ፣ ጎረቤት የሟቹን ነገር የሚሰማው ብዙ ጊዜ ከጋዜጣው ሆኖ ነበር።

ጋዜጦቹ የዘለሉት ሰው ግን ብዙ ነው። ያገባች ሴት የምትጠራው በአብዛኛው በባሏ ስም ስለነበር፣ የራሷ ስም በሞት ማስታወቂያዋ ላይ እንኳ ላይገኝ ይችላል። ከእርሻ እርሻ የሚዞር የቀን ሠራተኛ ሲሞት ‹‹አንድ እንግዳ ሰው›› ተብሎ ያልፋል። በብላክ ሪቨር ፎልስ ዙሪያ የሚኖሩት፣ አገሩ የአያቶቻቸው የነበረው የሆ-ቸንክ ተወላጆች በቫን ሻይክ ፎቶግራፎች ውስጥ በክብር ተቀምጠው ሲታዩ፣ በሰፋሪዎች ጋዜጣ ላይ ግን እንደ ጎረቤት የሚለቀስላቸው ከስንት አንዴ ነበር። ጋዜጣው የማኅበረሰቡ መስተዋት ነው የሚለው የተለመደ አባባል ስለዚህ በግማሽ ብቻ ልክ ነው፤ ማኅበረሰቡ የእኔ ብሎ የቆጠራቸውን ብቻ ያሳያልና።

የአሜሪካ ጋዜጦች ከ2005 ወዲህ ከሦስት አንድ በላይ የሚሆኑት ተዘግተዋል፤ ከተዘጉትም አብዛኞቹ የትናንሽ ከተሞች ሳምንታውያን ናቸው። ቀድሞ በነጻ ይወጣ የነበረው የሞት ዜናም በብዙ ቦታ በክፍያ የሚታተም በመሆኑ፣ ድኻ ሟች ከዓምዱ እየራቀ ሄዷል። በሌላ በኩል የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ‹‹ክሮኒክሊንግ አሜሪካ›› በተባለው ስብስቡ ከ2007 ጀምሮ ከ20 ሚሊዮን በላይ የአሮጌ ጋዜጣ ገጾችን ማንም ያለ ክፍያ እንዲያነብባቸው አቅርቧል፤ ከማስታወቂያው በግራና በቀኝ ያለው ወሬ ሁሉ ሊነበብ የቻለውም ገጾቹ ሳይቆራረጡ በሙሉ ስለተነሡ ነው። በቤቱ አሮጌ ጋዜጣ ያኖረ ኢትዮጵያዊ አንባቢም የዘመዱን የሐዘን ማስታወቂያ ብቻ በመቀስ ቆርጦ ከማስቀረት፣ የጋዜጣው ስምና ቀን የሚታይበትን ገጽ እንዳለ ቢያስቀምጥ ለሚመጣው ተመራማሪ ትልቅ ውለታ ይውላል።